በቃለ ጉባኤ ያቃሰቱት ጋሽ ይማም

ሰው በምላሱ ይጠፋል የሚሉ ሰዎች ጸሐፊ ገጥሟቸው አያውቅም። ምላስማ ምን አላት… ተናግራ ትገባለች። ጥርስ አጥሮላት፣ ከንፈር ጋርዷት ቁጭ ነው። ሰውን የሚያጠፋው የተናገረውን የሚጽፍለት ሰው ነው። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ ቀድቼ አይደለም። አንድ ምስኪን የመጋዘን ኃላፊ በእኔ እጅ ሊጠፉ አንድ ሐሙስ ብቻ ቀርቷቸው ስለነበረ ነው። በጥይት ወይም በመርዝ ቢሆን አንድ ነገር ነው። እኔ ግን በግሥ ነበር ላጠፋቸው የደረስኩት።

አዎ፣ በግሥ። ትምህርት ቤት «በላ፣ ጠጣ፣ ሄደ» እያልን በምንማረው ግሥ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቦታው ቃሊቲ ነው፤ ስሙን የማልነግራችሁ አንድ የሚስማር ፋብሪካ። ዕድሜያችሁ የማይደርስ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ያኔ የንግግር ግሥ እንደ ቀበሌ ስኳር በራሽን ነበር የሚታደለው። የበላይ አካል ተናገረ አይባልም፤ «መመሪያ ሰጠ» ነው። ሥራ አስኪያጅ «አስገነዘቡ»፣ ሊቀመንበር «አሳሰቡ»፣ የክፍል ኃላፊ «ገለጹ»። ወዛደሩ ተራው ሲደርስ «አሉ» ብቻ ይተርፈዋል። አድኃሪ የተባለ ሰው ደግሞ ምን ቢል፣ «እንደምን አደራችሁ» ቢል እንኳ፣ «ለፈለፈ» ነው። ስለዚህ ሰው የት እንደደረሰ ለማወቅ ደመወዙን አትጠይቁም ነበር፤ ግሡን ነው የምታዩት።

እኔን ያበላሸኝ ኩባ ነው። ፋብሪካው የማሽን ጥገና ተምሬ እንድመለስ ለዓመት ከመንፈቅ ወደዚያ ላከኝ። ጥገናውን በስድስት ወር ጨረስኩት። የቀረውን ዓመት ያጠፋሁት በስፓኒሽ ልብ ወለድ ነው። የቋንቋ መምህራችን ካርመን የምትባል፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ነበረች። አንድ ቀን አጭር ታሪክ ጽፌ ሰጠኋት። «ዲሆ» ማለት በነሱ ቋንቋ «አለ» ማለት ነው። በአንዲት ገጽ ላይ አሥራ አንድ «ዲሆ» አግኝታ አሥራ አንዱንም በቀይ አሰመረችበት።

«ልጄ፣» አለችኝ፣ «ይኼ ሰውዬህ አሥራ አንድ ጊዜ ተናግሯል። እኔ ግን አንድም ጊዜ አላየሁትም።»

ከዚያም የልብ ወለድ መዓት አሸከመችኝ። ወዳጆቼ፣ እነዚያ ሰዎች ዝም ብለው አይናገሩም። መጀመሪያ ረጅም ሰረዝ ይመጣል፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ንግግሩ፣ ከንግግሩ በኋላ ደግሞ ተናጋሪው እንዴት እንደተናገረው። አንዱ «ሙርሙሮ»፣ አጉረመረመ። አንዷ «ሱስፒሮ»፣ ቃተተች። አንድ መጽሐፍ ላይ አንዲት ሙሽራ በአንድ ገጽ አራት ጊዜ «አዎ» ትላለች። ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም። የመጀመሪያውን «አዎ» ታንሾካሹከዋለች፣ ሁለተኛውን ትቃትተዋለች፣ ሦስተኛውን ትጮኸዋለች፣ አራተኛውን ታጉረመርመዋለች። እኔ አራተኛው ላይ ስደርስ ይኼ ትዳር ዓመት እንደማይሞላ ገባኝ። ደራሲው ስለ ትዳሩ ክፉ ነገር አንዲት ዐረፍተ ነገር አልጻፈም። ግሦቹ ናቸው ያሳበቁባት።

በኛ አማርኛ ደግሞ አስቡት፣ የማይል ነገር የለም። ሰው ብድግ ይላል፣ ቁጭ ይላል። በሩ ሲጢጥ ይላል፣ ልብ ድንግጥ ትላለች። ዝም ያለው ሰው ራሱ ዝም «አለ» ነው የሚባለው፤ ምስኪን፣ አፉን ዘግቶ እንኳ ከ«አለ» አላመለጠም። ይህን ሁሉ ኩባ ተቀምጬ ሳስበው እንዴት ያንገበግበኝ እንደነበር አልነግራችሁም። አገሬ ስገባ አንድ ነገር ለማድረግ ማልኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ልብ ወለድና አንድ መፍቻ ነበር።

በተመለስኩ በወሩ የውይይት ክበቡ ጸሐፊ አደረጉኝ። ሰኞ ሰኞ ከሥራ በኋላ በምግብ አዳራሹ እንሰበሰባለን፤ ሁሉም ሰው አንድ ነገር መናገር አለበት፤ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይይዝና ለበላይ አካል ይላካል። ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ አንዱን ቃለ ጉባኤ ቀኑን ብቻ እየቀየረ አምስት ወር ልኮት ትንፍሽ ያለ የለም። ከላይ የሚያነብ ሰው የለም ማለት ነው። ደራሲን ደግሞ እንደ አንባቢ ማጣት ነጻ የሚያወጣው ነገር የለም። ብዕሬን አነሳሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር ደምሴ ‹ምርት መጨመር አለበት› ሲሉ አምባረቁ። ጓድ ለሚ ‹የማሽን ዘይት አልቋል› በማለት በጥልቅ ሐዘን አጉረመረሙ። ጓድ አስካለ ‹የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ይሠራልን› ሲሉ ድምፃቸው በእንባ ተሰበረ።»

አስካለ ታይፒስታችን ናት። ቃለ ጉባኤውን በመኪና የምትጽፈው እሷ ስለሆነች የመጀመሪያዋ አንባቢዬም እሷ ነበረች። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ለሴቶቹ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። ሁለተኛው ወር ላይ ወንዶቹም ሳህናቸውን ይዘው መጠጋት ጀመሩ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ባይሠራም አስካለ በእንባዋ የተከበረች ሰው ሆነች። ከዚያማ ጥያቄው መጣ። ለሚ የሚስማር መቁረጫ ማሽን ላይ የሚሠራ የቱሉ ዲምቱ የገበሬ ልጅ ነው። አንድ ቀን በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ።

«ሦስት ሰኞ ሙሉ ‹አጉረመረሙ› ትለኛለህ። እኔ መቼ ነው ያጉረመረምኩት? የእኔ ድምፅ እኮ ሳሪስ አቦ ድረስ ነው የሚሰማው።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

«እንደ ሊቀመንበሩ አስምባርቀኛ። እኔም ቤተሰብ አለኝ።»

በሚቀጥለው ሰኞ አስምባረቅኩት። ማክሰኞ ምሳውን ጋበዘኝ።

አሁን ወደ ጋሽ ይማም እንምጣ። ጋሽ ይማም የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። ከወሎ የመጡ፣ ሰላት የማያጓድሉ፣ ከማንም ጋር ክፉ ተነጋግረው የማያውቁ ሰው። የአንዲት ሚስማር መውጫ ወረቀት ፊርማ ከጎደለው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢመጣ ዕቃ አይሰጡም። በስብሰባ ላይ ዝም ማለት እንደሚያስጠረጥር ያውቃሉ፤ ብዙ መናገር ደግሞ ምን እንደሚያመጣ በደንብ ያውቃሉ። ስለዚህ ለዘመኑ የምትበቃ አንዲት ዐረፍተ ነገር አዘጋጅተው በየሰኞው እሷኑ ይሏታል፦ «እኔም የጓዶችን ሐሳብ እደግፋለሁ።» ሌላ የለም። ድምፃቸው አይወጣም፣ አይወርድም።

አያችሁ የእኔን ፈተና? አንድ ሰው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ በየሳምንቱ። ያቺ የአራት «አዎ» ሙሽራ ትዝ አለችኝ። ካርመን በመነጽሯ ላይ አሻግራ የምታየኝ መሰለኝ። ለጋሽ ይማም አንድ ግሥ ሁለቴ ላልጽፍላቸው ወሰንኩ። ስለምወዳቸውም ነው፤ ከሁሉም የተመረጠውን ለሳቸው ነበር የማስቀምጠው። በመጀመሪያው ሰኞ «እኔም የጓዶችን ሐሳብ እደግፋለሁ» ሲሉ አንሾካሾኩ። በሁለተኛው ቃተቱ። በሦስተኛው ጥርሳቸውን ነክሰው ተናገሩ። በአራተኛው እንባ እየተናነቃቸው። በአምስተኛው በምፀት ፈገግ ብለው። በስድስተኛው አቃሰቱ። እያንዳንዱን ለብቻው ብታዩት ያምራል። አንድ ሰው አከታትሎ ያነበበው እንደሆነ ግን… የጓዶችን ሐሳብ በደገፈ ቁጥር ነፍሱ ልትወጣ የምትደርስ ሰውዬ ታሪክ ነው። ይኼን ግን ልብ አላልኩትም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፤ እኔ ሳሩን አየሁ።

ከላይ የሚያነብ ሰው መጣ። አዲስ ተመድቦ ኖሮ፣ የተከመረውን ቃለ ጉባኤ ከታች ጀምሮ ማንበብ ያዘ። ደብዳቤው ሐሙስ ቀን ደረሰ። አስካለ አመጣችልኝ።

«…ጓድ ይማም የጓዶችን ሐሳብ በደገፉ ቁጥር ሥቃያቸው እየበረታ መምጣቱን የበላይ አካል በጥሞና ተገንዝቧል። ሐሳቡ ያማቸዋል ወይ? በምፀት ፈገግ ያሉትስ በማን ነው? ሰኞ ዕለት ተቆጣጣሪ ስለሚመጣ ጓድ ይማም በአካል ተገኝተው ያብራሩ።»

እዚህ ላይ ለአፍታ ቀልዱን ላቁመው። በዚያ ዘመን «ያብራሩ» የተባለ ሰው ለማብራራት ሄዶ ያልተመለሰበት ጊዜ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ይማም ሚስት አላቸው፣ አምስት ልጆች አሏቸው። ያ ሰው በሕይወቱ አንድም ቀን አላቃሰተም። ያቃሰትኩለት እኔ ነኝ፣ ለዚያውም ቃል እንዳይደጋገምብኝ ብዬ። የዚያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የብዕር ወለምታማ በምን ሊታሽ ነው?

ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። በሚስማር ካርቶኖች መካከል ተቀምጠው ቅጽ ይሞላሉ።

«ጋሽ ይማም፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ አቃስቻለሁ እንዴ?»

«አላቃሰቱም።»

«ታዲያ ማነው ያቃሰተው?»

«እኔ ነኝ… በጽሑፍ።»

«አሞህ ነበር?»

ምን ልበላቸው? ስለ ካርመን፣ ስለ ቀዩ እስክሪብቶ፣ ስለ ሙሽራዋ ነገርኳቸው። ስፓኞች ንግግርን ያለ ማቃሰትና ያለ ማጉረምረም እንደማይጽፉ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«እነዚህ ስፓኞች የምትላቸው፣» አሉ፣ «አገራቸው የበላይ አካል የለውም?»

«እኔ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ ጋሽ ይማም። ፈጥሬ ነው የጻፍኩት እላለሁ።»

«ተው፣ ተው። ‹ፈጥሬ ጻፍኩ› ካልክማ በሐሰት ቃለ ጉባኤ አንተን ይዘውህ ይሄዳሉ። እናትህ ያለ አንተ ማን አላት? የተጻፈው ተጽፏል።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አብሽር። ማቃሰት ምን ያቅታል? ሰኞ ዕለት አቃስታለሁ፣ ምክንያቱን አላህ ያመጣዋል።»

ሊቀመንበሩ ጓድ ደምሴ ግን እንዲህ በቀላሉ አልያዙትም። እሳቸውም ራሳቸው በስድስት ሳምንት ውስጥ አምባርቀዋል፣ ደንፍተዋል፣ አንድ ጊዜም በትካዜ አንሾካሹከዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰቡን።

«ቃለ ጉባኤ አይዋሽም፣» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ስለዚህ የተጻፈውን መሆን አለብን። ጓድ ጸሐፊ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ግሡን አንብብለት። ልምምድ ይጀመር።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ የሚስማር ፋብሪካ ሠራተኛ ነው የማለማምደው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ በማሽን ድምፅ ውስጥ ነው የኖሩት። «እንደምን ዋልክ» ሲባባሉ የተጣሉ ነው የሚመስለው። ለሚ እንዲያንሾካሹክ ተጠየቀ። አዳራሹ ጣሪያ ላይ የነበሩ ርግቦች ተነሥተው ሄዱ።

«ቀስ በል እንጂ፣» አልኩት።

«ቀስ ብዬ ነው!»

አስካለ ብቻ ጎበዝ ነበረች፤ ገና ሳይነግሯት እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ችግሩ የጋሽ ይማም ነው። ተራቸው ደርሶ ዐረፍተ ነገራቸውን አሉና «እህ» አሉ፤ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው።

«ትንሽ ከሆድ ይሁን፣ ጋሽ ይማም።»

«እህ።»

«የታመመ ሰው አይተው አያውቁም?»

«አይቻለሁ፣» አሉ በሐዘኔታ። «እኔ ግን አይመጣልኝም ልጄ።»

እውነታቸውን ነው። ዕድሜ ልካቸውን ችለው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማቃሰትን ከየት ያምጡት? ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ተበተነ። ጋሽ ይማም ቁልፍ ረስቻለሁ ብለው ወደ መጋዘኑ ተመለሱ። እኔ እሑድን ሙሉ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ተቆጣጣሪው ሲጠይቀኝ እንዴት አድርጌ እውነቱን እንደምናገር ሳጠና ዋልኩ። ጋሽ ይማም ቢከለክሉኝም ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ሰኞ ደረሰ። ተቆጣጣሪው ገና ወጣት፣ ካኪ ልብስ የለበሰ፣ ብብቱ ሥር ወፍራም ፋይል የያዘ ሰው ነው። ከፊት ተቀመጠ። ጋሽ ይማም ከሁሉም ቀድመው መጥተው የአግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። ፍርሃት መሰለኝ።

ጓድ ደምሴ ተነሡና «ስብሰባው ተከፍቷል» ብለው በትካዜ አንሾካሾኩ። ተቆጣጣሪው ቀና አለ። አንድ የመጋዝ ክፍል ሠራተኛ ስለ ጓንት ሲናገር ተንሰቀሰቀ። ለሚ ስለ ማሽን ዘይት አንሾካሾከ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። አስካለ ስለ በሩ ስትናገር እንባዋን ስታወርደው፣ አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ትወና መሆኑ ተረስቷት እውነተኛ ለቅሶ አደረገችው። ደረት መምታት ሲጀመር ተቆጣጣሪው ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«በበላይ አካል ላይ እየቀለዳችሁ ነው?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ በፊት የሚስማር ፋብሪካ ሠራተኛ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ብዕሬን አስቀምጬ ልነሣ ስል ተቆጣጣሪው ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠቆመ።

«ጓድ ይማም እርስዎ ነዎት? እስቲ የእርስዎን እንስማ።»

ጋሽ ይማም ትንሽ ተንቀሳቀሱ። «እኔም የጓዶችን ሐሳብ…» ሲሉ አንድ ድምፅ ወጣቸው። ወዳጆቼ፣ ከቅዳሜው «እህ» ጋር ሩቅ ዝምድና እንኳ አልነበረውም። ከእግር ጥፍራቸው የመጣ ማቃሰት ነበር። «…እደግፋለሁ» ብለው ሲጨርሱ እኔ ራሴ ወገቤን ያዝኩ።

ተቆጣጣሪው እርሳሱን አነሣ። «ስለዚህ እውነት ነው። ሐሳቡ ያምዎታል?»

«ሐሳቡ አያመኝም ጓድ። እኔ የጓዶችን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ እኔን ግን ወንበሩ አይደግፈኝም።»

ቀስ ብለው ብድግ አሉ። ከተቀመጡበት ቦታ ላይ አንድ ሚስማር ጫፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ቆሟል። የፋብሪካችን ምርት ነው፤ ቁጥር ሰባት።

ተቆጣጣሪው ሚስማሩን አየ፣ ፋይሉን አየ። እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አልነበረም። መዝገቡን ገልጦ አንድ በአንድ ይጠይቃቸው ጀመር።

«በሁለተኛው ሰኞ ቃትተዋል።»

«ሚስማሩ ነው።»

«በሦስተኛው ጥርስዎን ነክሰዋል።»

«ሚስማሩ ነው ጓድ።»

«በአራተኛው እንባ ተናንቆዎታል።»

«ያን ዕለት ብዙ ተጨበጨበ፤ ባጨበጨብኩ ቁጥር ይገባል።»

«በመጀመሪያው ለምን አንሾካሾኩ?»

«ድምፄን ከፍ ካደረግኩ ያንቀሳቅሰኛል።»

ተቆጣጣሪው ዓይኑን አጠበበ። «በአምስተኛው ሰኞ ግን በምፀት ፈገግ ብለዋል። እሱስ?»

ለዚህ መልስ ያለው ሰው የለም ብዬ ብዕሬን እንደገና አስቀመጥኩ። ጋሽ ይማም ወለሉን እያዩ መለሱ።

«ያን ሰኞ ሌላ ጓድ ነበር እኔ ቦታ ላይ የተቀመጠው።»

ከኋላ ለሚ «እኔ ነኝ!» ብሎ አንሾካሾከ። ርግቦቹ ተመልሰው ከሆነ እንደገና ሄዱ።

ተቆጣጣሪው ተነሣ። «ማስረጃ በዓይን ብቻ አይረጋገጥም» አለና፣ ሄዶ የጋሽ ይማም ቦታ ላይ ተቀመጠ። እንዲሁ ቀስ ብሎ ቢቀመጥ ጥሩ ነበር። እሱ ግን እንደ ባለሥልጣን ነው የተቀመጠው።

«ምንም አይ…» ያለው ይመስለኛል፤ «…ልም» የምትለዋ ግን በሌላ ድምፅ ነው የወጣችው። ያንን ድምፅ ለመግለጽ በአማርኛም በስፓኒሽም ግሥ የለም። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። ማንም አልሳቀም፤ ያን ያህል የፈራ ጉባኤ አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ዓይኑ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ፣ ከእኔም ወደ ብዕሬ ወረደ።

«ጓድ ጸሐፊ፣» አለኝ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አሁን የተናገርኩትን ጽፈሃል?»

«ጽፌያለሁ ጓድ።»

«ምን ብለህ?»

ስድስት ሳምንት ሙሉ የለቃቀምኳቸው ግሦች በሙሉ በፊቴ ተሰለፉ። አቃሰቱ፣ ጮኹ፣ ተንሰቀሰቁ፣ ነፍሳቸው ወጥታ ተመለሰች። ካርመን ከባሕር ማዶ «በል እንጂ» የምትለኝ መሰለኝ። ጋሽ ይማምን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ።

«‹ጓድ ተቆጣጣሪ ምንም አይልም አሉ› ብዬ።»

«አሉ?»

«አሉ። ብቻ።»

ተቆጣጣሪው ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። «ጥሩ ግሥ ነው፣» አለ። «ከእንግዲህ በዚህ ክበብ የሚናገር ሰው ሁሉ ‹አሉ› ብቻ ይባል።» ከዚያም ጋሽ ይማም ክንዱን ይዘው አስነሡት። ከሚስማሩ ላይ እንዴት እንደሚነሣ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በማግስቱ ጋሽ ይማም ቢሮዬ መጡ። አንድ ወረቀት ዘርግተው ፊቴ አስቀመጡ።

«ፈርምልኝ።»

«ምንድነው?»

«የዕቃ መውጫ። ቅዳሜ ዕለት ከመጋዘን አንድ ሚስማር አውጥቻለሁ። ያለ ፊርማ ዕቃ አውጥቼ አላውቅም፣ በስተርጅና አልጀምርም። ጠያቂው አንተ ስለሆንክ አንተ ነህ የምትፈርመው።»

ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። ሊገድለን የሚችል ወረቀት ነበር። «ቅጂውስ?»

«ዛሬ ጠዋት ምድጃ በላው። ዋናውን አንተ ያዘው። ደብቀው።»

ፈረምኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረ። ከሳምንት በኋላ ግን ከላይ ደብዳቤ መጣ፦ «ሚስማሩ አጣሪ ኮሚቴ እስኪመጣ ድረስ በማስረጃነት ባለበት ይቆይ። ጓድ ይማምም ቦታቸውን እንዳይለውጡ።» ትራስ እናድርግላቸው ብንል ጓድ ደምሴ ማስረጃ ማበላሸት ነው ብለው ከለከሉ። ኮሚቴው አልመጣም። ጋሽ ይማም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሰኞ ሰኞ እዚያች ሚስማር ላይ ተቀምጠው የጓዶችን ሐሳብ ሲደግፉ ከረሙ። ያ ማቃሰት የማያውቁበት ሰውዬ በየሳምንቱ አቃሰቱ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እየሰማሁ በየሳምንቱ «ጓድ ይማም እደግፋለሁ አሉ» ብዬ ጻፍኩ። ሳያቃስቱ አቃሰቱ ብያለሁ፣ ሲያቃስቱ አሉ ብያለሁ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት አባቶች ያን አዳራሽ ቢያዩት ኖሮ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ስለዚህ ውድ አንባቢዬ፣ የዚያን ዘመን ታሪክ ከቃለ ጉባኤ አነባለሁ ካልክ ምርጫው ያንተ ነው። እኔ እንደሆንኩ ከጻፍኩት ሁሉ የቀረኝ ያቺ የዕቃ መውጫ ወረቀት ናት። አንዳንድ ጊዜ ከመጽሐፍ መሐል አውጥቼ አያታለሁ። በጋሽ ይማም የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የወጣው ዕቃ፦ ሚስማር ቁጥር ሰባት፣ አንድ። የወጣበት ምክንያት፦ ለማቃሰቻ።»

በዚያ ፋብሪካ በዚያ ሁሉ ዓመት ከተጻፈው ወረቀት ግሡ ትክክል የሆነው አንድ እሱ ነው።